ስምንት ኩባያ አንድ ኪሎ የሚሆነው በማን እጅ ነው? የአንድ ድፎ ዳቦ ጉዳይ

ባለፈው ዓመት ገና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወለችልኝ። እዚያ መሽቷል፤ እዚህ አዲስ አበባ ግን ሊነጋ ምንም አልቀረው። የስልኩን ካሜራ ወደ ጠረጴዛው አዞረችና ዳቦዋን አሳየችኝ። ጀርባው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። በቢላዋ ስትቆርጠው ደግሞ ውስጡ ድፍን ያለ ነው፤ ጣቷን ብትጫነው አይሰምጥም።

«አንቺ ልጅ፣ የእማዬን ልክ በትክክል አልጻፍሽልኝም» አለችኝ። «ጨውም የለውም። ሁለተኛዬ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ እንዲህ ሆነብኝ። ዱቄቱ ራሱ አልበቃ ብሎኝ ሌላ ከረጢት ከፈትኩ።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር በወቅቱ ልብ አላልኳትም። የነገሩ ቁልፍ ግን እሷ ነበረች።

እህቴ ከአገር ከወጣች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የገና ዳቦ የምትገዛው ከሱቅ ነበር። ልጆቿ ከፍ ሲሉ «አያታችን የምትጋግረው ምን ዓይነት ነው?» እያሉ ሲጠይቋት ጊዜ ራሷ ለመጋገር ቆረጠች። ልኩን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዳቦው ሲበላሽ የእኔም ጉዳይ ነበር፤ ከሥር መሠረቱ ልከታተለው ወሰንኩ። ኪሎን ወደ ኩባያ መመለስ የሚያስቸግራቸው ብዙ ቤተሰቦች ስላሉ የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ልኩ ከየት እንደመጣ ልናገር። እናታችን ለክታ አታውቅም። ዱቄቱን ከማዳበሪያው በእጇና በጎድጓዳ ሳህን ታወጣለች፤ ውኃውን «እስኪበቃው» ትላለች፤ ጨውን በመዳፏ ትይዛለች። እኔ የኤሌክትሪክ የወጥ ቤት ሚዛን ይዤ አጠገቧ ስቆም «ሙያ በልብ ነው» ብላ ዝም አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ። እጇን ሳላስቆም፣ «ጠብቂ» ሳልላት፣ የነካችውን ዕቃ ሁሉ ከመንካቷ በፊትና ከነካች በኋላ መዘንኩ። የውኃውን ጆግ ሞልቼ መዘንኩ፤ አቡክታ ስትጨርስ እንደገና መዘንኩት። ልዩነቱ የጠጣው ውኃ ነው።

በዓይኗ ያወጣችው የፉርኖ ዱቄት 1985 ግራም ሆነ። ሁለት ኪሎ ሊሆን አሥራ አምስት ግራም ብቻ ነው የጎደለው! ሚዛኑን አይቼ እሷን አየኋት፤ እሷ ግን ሊጡን እየመታች ነበር። ውኃው 1230 ግራም፣ ጨው 40፣ ደረቅ እርሾ 20፣ ስኳር 100 ግራም፣ ዘይት ደግሞ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ወጣ። ይህን በግማሽ አድርጌ ለእህቴ የላክሁላት አንድ ኪሎ ዱቄት፣ 620 ግራም ውኃ፣ 20 ግራም ጨው፣ 10 ግራም እርሾ፣ 50 ግራም ስኳር፣ 60 ሚሊ ሊትር ዘይትና አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ ብዬ ነው።

እህቴ ቤት ሚዛን የለም። አሜሪካ ውስጥ በብዙ ቤት እንደዚሁ ነው፤ ወጥ ቤቱ የሚሠራው በኩባያና በማንኪያ ነው። እሷም ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ አንድ ኩባያ ዱቄት 125 ግራም እንደሚመዝን አገኘች። አንድ ሺህን ለ125 አካፈለች፤ ስምንት ኩባያ። ስሌቱ እንከን የለውም። ለውኃው ሁለት ኩባያ ተኩልና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወሰደች። ያም ትክክል ነው፤ የአሜሪካ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ 621 ይመጣል። ለጨው አንድ የሻይ ማንኪያ ስድስት ግራም ነው የሚለውን ይዛ ከሦስት ማንኪያ ትንሽ ከፍ አድርጋ ጨመረች።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዳቦው ድንጋይ ሆነ። መጀመሪያ የጠረጠረችው እርሾውን ነው። ለሁለተኛው ጊዜ አዲስ እርሾ ገዛች፤ መጠኑንም በግማሽ ጨመረች። ዳቦው ያው ድንጋይ፣ በዚያ ላይ የእርሾ ሽታ ተጨመረበት። እኔ በበኩሌ እርሾውን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ከጥቂት ስኳር ጋር እንድትሞክረው ነገርኳት። በአሥር ደቂቃ አረፋ ደፈቀ። እርሾው ነፃ ወጣ። ቀጥሎ ምድጃውን ጠረጠርን፤ ቀጥሎ በማቀዝቀዣ በረዶ ሆኖ የሚሸጠውን የሙዝ ቅጠል፣ እኛ በኮባ የምንሠራውን እሷ በእሱ ነውና። ቅጠል ግን ሊጥን አያደርቅም። ዱቄቱንም ጠረጠርን። የዱቄት ዓይነት በእርግጥ ለውጥ ያመጣል፤ የፕሮቲን መጠኑ ከፍ ያለ ዱቄት ብዙ ውኃ ይጠጣል። እሷ የያዘችው ግን ለሁሉም የሚሆነውን ተራ ዱቄት ስለሆነ ከእኛው ፉርኖ ይህን ያህል የሚርቅ አይመስለኝም ነበር።

በሦስተኛው ቀን ነው «ዱቄቱ አልበቃኝም» ያለችው ትዝ ያለኝ።

«እታለሜ፣ ከረጢቱ ስንት ኪሎ ነበር?» አልኳት።

«አምስት ፓውንድ።»

አምስት ፓውንድ 2268 ግራም ነው። ለሁለት ጊዜ መጋገሪያ የሚያስፈልጋት ሁለት ኪሎ ዱቄት ብቻ ከሆነ፣ ከከረጢቱ 268 ግራም መትረፍ ነበረበት። እሷ ግን መጀመሪያ ስምንት ኩባያ፣ ቀጥሎ ሰባት ኩባያ ቀድታ ከረጢቱ አለቀባት፤ ለስምንተኛው አዲስ ከፈተች። 2268ን ለአሥራ አምስት ሳካፍለው 151 ግራም መጣ። እህቴ 125 ግራም እየመሰላት የምትቀዳው ኩባያ 151 ግራም ይይዝ ነበር። በስምንት ሲባዛ 1208 ግራም ነው። አንድ ኪሎ ሳይሆን ከሁለት መቶ ግራም በላይ ትርፍ ያለው ዱቄት በ621 ግራም ውኃ ታቦክቶ ነበር ማለት ነው።

ዳቦ ጋጋሪዎች ዱቄቱን መቶ አድርገው ሌላውን ሁሉ በእሱ ይመዝናሉ። የእናቴ ሊጥ ውኃው 62 ከመቶ ነው። የእህቴ 51 ከመቶ ላይ ወርዷል። በዚህ ልዩነት ለስላሳ የድፎ ሊጥ ወደ ፓስታ ሊጥ ይጠጋል። እርሾ የፈለገውን ያህል ቢጨመርለት እንዲህ ያለውን ጠንካራ ሊጥ እንደ ለስላሳው አያነሳውም፤ ዳቦውም ሲጋገር ከመለጠጥ ይልቅ ይሰነጠቃል።

«እንዴት እንደምትቀጂ አሳዪኝ» አልኳት። ኩባያውን እንደ አካፋ አድርጋ ከረጢቱ ውስጥ ሰደደችው፤ ከከረጢቱ ግድግዳ ጋር ተጫነችው፤ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገችው፤ የጎደለውን ሞላችና አፉን በቢላዋ አስተካከለች። አፉ ልክ ነው፤ ማንም ቢያየው ልክ ነው ይላል። ያልታየው ውስጡ ነው። ዱቄት ከደቃቅ ቅንጣትና በቅንጣቶቹ መሃል ካለ አየር የተሠራ ነው። ተነቃንቆ በማንኪያ እየተፈሰሰ ሲሞላ አየሩ ይበዛል፤ ሲጠቀጠቅና ሲመታ አየሩ ይወጣና ቦታውን ዱቄት ይይዘዋል። ኩባያ ቦታን እንጂ ዱቄትን አይለካም። ውኃ ይህ ጣጣ የለበትም፤ አየር አይደብቅም፤ አንድ ሚሊ ሊትር አንድ ግራም ነው። ለዚህ ነው የእህቴ ውኃ ትክክል ሆኖ ዱቄቷ የተሳሳተው።

ደግሞ የሚገርመው፣ መልሱ ከረጢቱ ላይ ተጽፎ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በሚሸጥ የዱቄት ከረጢት ጀርባ ላይ፣ የምግብ ይዘቱ በሚዘረዘርበት ሠንጠረዥ፣ የአንድ ጊዜ መጠን «ሩብ ኩባያ፣ 30 ግራም» ይላል፤ ከረጢቱም 75 ያህል እንዲህ ያለ መጠን እንደሚይዝ ይገልጻል። ሰባ አምስት ሩብ ኩባያ ማለት አሥራ ዘጠኝ ኩባያ ገደማ ነው። እህቴ ያገኘችው አሥራ አምስት። ጽሑፉን አንብባልኝ በስልክ ስታሰላው ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። «አራት ኩባያ የት ገባ?» አለች በመጨረሻ። ዳቦው ውስጥ ነው የገባው።

ጨው ላይ የሆነው ደግሞ በተቃራኒው ነበር። እህቴ ቤት ያለው ጨው የገበታ ጨው ሳይሆን ቅንጣቱ ገዘፍ ገዘፍ ያለ፣ እንደ ሰፋ ያለ ቅርፊት ሆኖ የሚታየው ዓይነት ነው። ካርቶኑን እንድታነብልኝ ጠየቅኋት፤ ሩብ የሻይ ማንኪያው 0.7 ግራም ነው ይላል። ሙሉ ማንኪያው 2.8 ግራም ማለት ነው። ደቃቁ የገበታ ጨው ግን ሩብ ማንኪያው 1.5 ግራም፣ ሙሉው ስድስት ነው። ስሙ አንድ፣ ማንኪያው አንድ፣ ክብደቱ ግን ከግማሽ በታች። ሃያ ግራም ጨመርኩ ብላ ያሰበችው ዘጠኝ ግራም ከጥቂት ብቻ ነበር፤ እሱም በ1208 ግራም ዱቄት ላይ። ሁለት ከመቶ መሆን የነበረበት ከአንድ ከመቶ በታች ሆነ። «ጨው የለውም» ማለቷ እውነቷን ነበር። የእኔም ጥፋት እዚህ ላይ አለበት፤ ምን ዓይነት ጨው እንዳላት ሳልጠይቅ ቁጥር ላክሁላት።

ስለ ኩባያ ትንሽ ማለት እፈልጋለሁ፤ የአገራችን እጅና የአሜሪካ ኩባያ የማይግባቡበት ምክንያት ያለ ስለሚመስለኝ። በእኛ ገበያ ጣሳ ሲለካ ይቆለላል። ምስር ወይም በርበሬ ገዝታችሁ ሻጭዋ ጣሳውን በአፉ ልክ አስተካክላ ብታፈስላችሁ ቅር ትሰኛላችሁ፤ ተቆልሎ እስኪፈስ ተሞልቶ በላዩ ምራቂ ሲጨመርበት ነው ልክ የሚባለው። ቁልሉ የልኩ አካል ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ፋኒ ፋርመር የምትባል የቦስተን የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው መጽሐፍ ኩባያውም ማንኪያውም ሁልጊዜ አፉ ላይ ተስተካክሎ እንዲለካ ደነገገች። ከዚያ በፊት የአገሩ ሴቶች «የእንቁላል ያህል ቅቤ» እያሉ ነበር የሚሠሩት፤ ከእናቴ «በመዳፍ ጨው» ብዙም አይርቅም። አሳታሚው በመጽሐፉ ስላልተማመነ የመጀመሪያዎቹ 3000 ቅጂዎች የታተሙት በራሷ ወጪ ነው። ኋላ ግን የአሜሪካ ወጥ ቤት በእሷ ደንብ ገባ። ፋርመር አፉን አስተካከለች፤ ውስጡ የተጠቀጠቀ ይሁን የተነፋ የሚለው ግን እስከ ዛሬ ለእያንዳንዱ እጅ የተተወ ነው። የእህቴ እጅ ደግሞ በጣሳ ያደገ እጅ ነው፤ ለመጠቅጠቅና ለመሙላት የለመደ። ስስት አያውቅም።

ኩባያው ራሱም በየአገሩ አንድ አይደለም። የአሜሪካው 237 ሚሊ ሊትር፣ የአውስትራሊያው 250፣ የጃፓኑ 200 ነው። የሾርባ ማንኪያ በብዙ አገር 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን አውስትራሊያ ላይ 20 ነው። ሜልበርን የምትኖር የአክስት ልጅ የእህቴን ወረቀት እንዳለ ብትገለብጠው ጥቁር አዝሙዷ በሲሶ ይበዛባታል።

ወደ ጉዳያችን ልመለስ። ሁለት መንገድ ነበረን። አንደኛው የእህቴን እጅ እንዳለ ተቀብሎ «ስድስት ኩባያ ከሁለት ሦስተኛ» ብሎ መጻፍ ነው፤ በ151 ግራም ሲሰላ አንድ ኪሎ ይመጣል። ሁለተኛው እጇን ማስለወጥ። እሷ የመጀመሪያውን ወደደች፤ «እጄ ሲደክም ወደ ለመደው ይመለሳል» አለች። እኔ አልተስማማሁም። ከከረጢት በቀጥታ የሚቀዳ ዱቄት ላዩና ታቹ አንድ አይደለም፤ ታችኛው በላይኛው ክብደት ተጨፍልቆ ይቀመጣል፤ ስለዚህ 151 የሚለው ቁጥር የአሥራ አምስት የተለያዩ ኩባያዎች አማካይ እንጂ የአንዱም ኩባያ እውነት ላይሆን ይችላል። ይህን ስነግራት ተቀበለችኝ።

የተከፈተውን ሁለተኛ ከረጢት ሰፊ ሳፋ ላይ ገለበጠችው። በሹካ ነቃነቀችው። በማንኪያ እያነሳች ኩባያው ውስጥ አፈሰሰች፤ ሳትጫን፣ ሳትመታ፣ አፉን ብቻ በቢላዋ ጀርባ እያስተካከለች። እየቆጠረች ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠችው። ከከረጢቱ ቀደም ሲል አንድ የተጠቀጠቀ ኩባያ ስለወጣ የቀረው 2117 ግራም መሆን አለበት። አሥራ ስድስት ኩባያ ሞላ፤ አሥራ ሰባተኛው ጥቂት ጎደለው። ስናካፍለው አንዱ ኩባያ 126 ግራም። ሚዛን ሳይኖር፣ ከረጢቱን ራሱን ሚዛን አድርገን የእሷን ኩባያ ክብደት አወቅን። ይህ ዘዴ ክብደቱ በታወቀ በማንኛውም እሽግ ይሠራል፤ የአንድ ኪሎ ስኳር እሽግ፣ የግማሽ ኪሎ ሩዝ እሽግ፣ ምንም ይሁን። የእሽጉን ግራም ለወጣው የኩባያ ብዛት ማካፈል ብቻ ነው።

«ሚዛን ለምን አትገዢም?» ማለቴ አልቀረም። ዋጋው ከሁለት የተበላሸ ዳቦ አይበልጥም። መልሷ አሳመነኝ፤ ልኩን የምትፈልገው ለራሷ ብቻ አይደለም። የማኅበር ጓደኞቿ ጠይቀዋታል፤ እነሱም ቤት ያለው ኩባያ ነው። በኋላ ሚዛን ገዝታለች፤ ወረቀቱ ግን በኩባያም እንዲኖር ፈለገች።

ለሦስተኛው ዳቦ እንዲህ ጻፍን። ዱቄት ስምንት ኩባያ፣ በማንኪያ የተፈሰሰ፣ ከላዩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተቀንሶ። ውኃ ሁለት ኩባያ ተኩልና ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ቅርፊታማው ጨው ሰባት የሻይ ማንኪያ፤ የገበታ ጨው ላላት ግን ሦስት ማንኪያ ከሲሶ። እርሾ አንድ ሰባት ግራም ፓኬትና ከሌላ ፓኬት አንድ የሻይ ማንኪያ። ስኳር ሩብ ኩባያ፤ ስኳር ቅንጣቱ ጠንካራ ስለሆነ ሲጠቀጠቅ ብዙ አይለዋወጥም፤ ኩባያው 200 ግራም ነው። ዘይት ሩብ ኩባያ። ዘይት ከውኃ ቀለል ይላል፤ ኩባያው 218 ግራም ገደማ ነው፤ እኛ ግን ከመጀመሪያው በሚሊ ሊትር ስለጻፍነው መመለስ አላስፈለገንም። ማርም ይጨመር ቢባል ተቃራኒው ነው፤ አንድ ኩባያ 340 ግራም ያህል ይከብዳል። ቅቤ ደግሞ ከቀዘቀዘ በኩባያ አትለኩት። በመሃሉ ባዶ ቦታ ይቀራል፤ አቅልጡና ለኩት።

ሊጡ ሲቦካ ስልኩን ከዕቃ መደርደሪያው ጋር አስደግፋ አስቀመጠችውና እናታችን ከዚህ ተመለከተች። «ያዝ አድርጎታል፤ ትንሽ ውኃ» አለች እማዬ። እህቴ ወደ እኔ አየች፤ እኔም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሪ አልኳት። የዱቄቶቹ ልዩነት የቀረችው እዚህች ጋ ነበረች፤ ሁለት ማንኪያ፤ ወረቀቱ ላይም ተጨመረች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሊጡ ኩፍ ብሎ እህቴ በጣቷ ነካ ስታደርገው ቀስ ብሎ ተመለሰ። እማዬ «እንግዲህ ቅጠሉን አንጥፊ» ብቻ ነው ያለችው። ዳቦው ወጥቶ በሰፌድ ላይ ሲቀመጥ፣ ሲቆረጥም ውስጡ ሲታይ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

የዱቄት ዕቃዋ ክዳን ላይ ወፍራም ወረቀት ለጥፋ «126፣ በማንኪያ፣ አትምቺ» ብላ ጽፋለች። የጨው ዕቃዋ ላይ «2.8»።

አሁን ደግሞ የዶሮ ወጡን ላኪልኝ እያለች ነው፤ ለፋሲካ። እማዬ በርበሬውን የምትለካው በሲኒ ነው። ሲኒዋን በውኃ ሞልቼ ስመዝናት 75 ግራም ያዘች። በርበሬውን ሞልቼ አፉን በቢላዋ አስተካክዬ መዘንኩት፤ 36 ግራም ሆነ። ለማረጋገጥ እማዬን «እስቲ አንድ ሲኒ ስጪኝ» አልኳት። በማንኪያ ሞላች፤ ቆለለች፤ እስኪፈስ ቆለለች፤ ወደ ሚዛኑ ገፋ አደረገችልኝ። 51 ግራም።

«እማዬ፣ ይኼ አንድ ሲኒ ነው?»

«ታዲያ ስንት ነው ልጄ?»

51 ብዬ ጻፍኩ።